አራት ቁጥር

መጋቢት ሊጋመስ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣
የፓርኩ ኩሬ ላይ በረዶው ጠርዝ ጠርዙ ሳስቷል፤
መሐሉ ገና ነው፤ ሰው ባይቆምበትም
ቁራ ይሄድበታል።

ጸደይ ነው አይባልም።
ትናንት ሌሊት እንኳ የበሬን እጀታ ውርጭ ነክሶት አደረ፤
ግን ግንደ ቆርቁሩ የደረቀው አኻያ ላይ ከበሮ ጀመረ፤
ለምግብ አይደለም፤ ትል የለም እዚያ ውስጥ፤
ሚስት ፈላጊ ወንድ ነው፣ ሰፈር የሚበጠብጥ።

ሽኮኮዋ ወርዳ የቀበረችውን ረስታ ትምሳለች፤
አንድ ጉድጓድ፣ ሌላ፣ ሦስተኛ፤ ተናዳ ጭራዋን ትነፋለች።
(እኔም በቀደም ለት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ
ቤቱን ሳምስ አመሸሁ፣ አልጋ ሥር ገብቼ።)
ሁለት ዳክዬዎች ከበረዶው ጫፍ ላይ ጠባብ ውሃ ይጋፋሉ፤
ሴቷ አፈር መስላ፣ ወንዱ አንገቱ አብርቶ፣ ቤት ያማርጣሉ።

እኔ የምጠብቀው ግን በክንፍ አይመጣም፤
አይዘፍንም፣ አያምርም፣ በቀን አደባባይ አይወጣም።
ዝናብ ይፈልጋል፤ ሞቅ ያለ፣ የምሽት፣
ጭጋግ መሳይ ዝናብ፣ ነፋስ የሌለበት ሌሊት።

ትናንት ማታ መጣ።

ታኔል በሬን መታ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የላይኛው ፎቅ ልጅ፤
ባልዲ አንጠልጥሏል፤ የአባቱ ጓንት ነው የዋጠው የሱን እጅ።
«ኡርቬ፣ ተነሥተዋል! ከየድንጋዩ ሥር ወጥተዋል!
አንዷን መንገዱ ላይ አይቻታለሁ፤ ቶሎ ይምጡ፤ መኪና ይመጣል!»

ጓጉንቸር ነው የሚለው።
ኪንታሮታም ቆዳው በባትሪው ብርሃን ያብለጨልጫል፤
አይዘልም፤ ዕዳ ሊከፍል እንደ ወጣ ሰው፣ ቆም እያለ ይሄዳል፤
አያቱ ወደተወለደችበት ውሃ፣ ሊወልድ ይጓዛል።
መሐል ላይ አስፋልት ነው።
አስፋልት ምን እንደሆነ ማን ነግሮት ያውቃል?

አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። እያጎነበስን አነሣን።
ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ ታዝሎ ይሄዳል።
«ሰነፍ!» አለ ታኔል፤ «አንድ ናቸው ሁለት? እንዴት ልቁጠራቸው?»
«ሁለት በል» አልኩት፤ «አዘለችው እንጂ መች ዋጠችው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት አራት ቁጥር አውቶቡስን ነድቻለሁ እዚሁ፤
መንገዱን በጨለማ፣ ጉብታ በጉብታ፣ በመቀመጫዬ አውቀዋለሁ።
በመጋቢት ዝናብ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከፓርኩ በር እስከ ድልድዩ ድረስ፣
ከጎማው ሥር ድምፅ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፤
ቅጠል ይመስለኛል፣ እርጥብ ቅጠል ሲፈርስ።
ተሳፋሪው ያንቀላፋል፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ይመላለሳል፣
ሬዲዮው ስለ ነገ አየር ያወራል፤
እኔ መሪዬን ይዤ ሻይ ያምረኛል።
በመጋቢት፣ ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ፣
የወደቀውንም የታርቱ ጠራጊዎች በኅዳር ጨርሰውት፣
ቅጠል ከየት መጣ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን አልጠየቅኩም።

ለታኔል አልነገርኩትም።
እሱ ቁጥሩ ነው ያስጨነቀው፤ ስልሳ አራት፣ ቀጥሎ ስልሳ ስድስት፤
ባልዲው ውስጥ ተደራርበው ሲጥ ሲጥ ይላሉ፣ ዘይት እንዳጣ መዝጊያ ዓይነት።

ከዚያ አራት ቁጥር መጣ።
አስፋልቱ መሐል ቆሜ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ባትሪዬን አበራሁ፤
ወጣቱ ሾፌር መስኮት ከፈተ፤ የሚለውን አውቃለሁ፤
«ሰዓቴ አለፈ!» እኔም ለስንቱ ብያለሁ።
«ሦስት ደቂቃ» አልኩት።
ባልዲውን አየ። እኔን አየ። ሞተሩን አጠፋ።
ዝናቡ ብቻ ቀረ።
ወረደና፣ በዚያ በተወለወለ ጫማው፣ አንዷን አነሣ፤
በሁለት ጣት፣ ፊቱን አጨማዶ፣ እንደ ሰው ካልሲ።

ኩሬው ዳር ባልዲውን አጋደልን። ቀስ ብለው ገቡ፣ ሳያመሰግኑ።
በረዶው በሳሳበት ጠርዝ ጥቁሩ ውሃ ክብ ክብ ሠራ።
ታኔል በእርሳስ ጻፈ፤ ዘጠና ሦስት።
ወረቀቱ ርሷል፤ ሦስቱ ስምንት ይመስላል።
ተውኩት።
ነገም ይዘንባል።