ወንበር

ሌላ አገር፣ ይባላል፣ ወንበር ማለት ሹመት፣
ሰው የሚጋፋበት፣ ሰው የሚሞትለት።
እኛ ጋ፣ ሃርማላ፣ ከበረዶው ሜዳ፣
ወንበር ማለት ቅጣት፣ ያለ ጥፋት ዕዳ።
ያልማሪን አስቀመጡት።

አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ፣
ሐይቁ በረዶ ሲጋግር ያደገ ከእኛ ደጅ።
ዱላ ይዟል አትበል፤ ክንዱ ነው የረዘመ፣
በረኛው እስኪያይ ጎማው ከመረብ ከረመ።

ታዲያ አሰልጣኝ ሊንድሩስ፣ ከሄልሲንኪ የመጣ፣
በነጭ ሰሌዳ ላይ ቀስት ሲያወርድ ሲያወጣ፣
"ልጁ ገና ጥሬ ነው" አለን፣ "ሥርዓት ይማር።"
ሥርዓት የተማረውን፣ የሠላሳ ስምንት ዓመቱን፣
ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚለውን
በውድ ደሞዝ አሰለፈልን።

በረኛችንስ? ቪልያሚስ?
በኅዳር ሸጡት።
ለምን ስንል "ለወደፊቱ ነው" አሉን።
ታውኖ ሳቀ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።
"ለእኔ ወደፊት ማለት" አለ፣
"የፊታችን ቅዳሜ ነው።"

በስድስት ለባዶ፣ ደግሞ በአምስት ለባዶ፤
ከበረዶ አጠገብ ሰው ይሞታል ነዶ?

"ግብ የለንም" ይላል ከኋላዬ ያለ ሰው፤
ጨዋታውን ይሁን ኑሮን ማለቱ ነው፣
ማንም አልጠየቀው።
ወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ
ሌላ ግብ አናውቅም፣ ያለን ይኸው እዚህ።

ኢርያ፣ ትኬት ቆራጯ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች መስኮት፣
ማን ከማን ጋር መሰለፍ እንዳለበት
ከትኬቱ ጀርባ በእርሳስ ጽፋ ታድላለች።
ጥርስ ሐኪሙም እጁን ሰው አፍ ውስጥ ከትቶ
"ሦስተኛውን መስመር ማፍረስ ነበረበት" ይላል፤
ታካሚው አፉን እንደከፈተ ይስማማል።

የሰባተኛው ሽንፈት ለት ተመካክረን ዝም አልን።
ጩኸቱንስ ለምዶታል።
ዘጠኝ መቶ ሰው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ
የጫማ ብረት በረዶ ሲቆርጥ ብቻ አደመጠ።
ያልማሪ የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም፤
ውሃ አቀባይ ሆኖ አመሸ።

ያን ማታ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፣
የሊንድሩስ መኪና አልነሣ አለ።
ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ያስላል፤ ይሞታል።
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ቆመን አየነው።
አንድ ሰው "ይበለው" አለ።
እኔ ነኝ። ምን ልዋሽ።

ግን በእንዲህ ያለ ብርድ ሰው ሜዳ አይጣልም፤
ሕጉ ከሊጉ ይበልጣል።
ታውኖ ጓንቱን አጠበቀ፣ ኢርያ ትከሻዋን ሰጠች፣
ሹፌሩ፣ የልጁ አባት፣ አውቶቡሱን አቁሞ መጣ፤
አንድም ቃል ሳይናገር ከመሃላችን ገባ፤
ገፋን።
ስንት ወር ሙሉ "ይውረድልን" ያልነውን ሰው
ዳገቱን አወጣነው።

መኪናዋ ስታጓራ ታውኖ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣
ከጢሙ ውርጭ እየረገፈ፣
"ያልማሪ በግራ" አለው። "በግራ ብቻ።"
ሊንድሩስ ራሱን ነቀነቀ፤
እሺታ ይሁን፣ ብርድ ይሁን፣ አልለየንም።

ቅዳሜ ደረሰ።
ስሙ ሲጠራ ልጁ ከወንበሩ ተነሣ፣
እኛም ተነሣን፣ ቆርቆሮው ጣሪያ እስኪርድ፤
አሰለፈው፣
በቀኝ።

በሦስት ለሁለት ተሸነፍን።
አንዷን ጎል ያገባት እሱ ነው፣
ሳይታዘዝ ወደ ግራ ተሻግሮ፤
ወዲያው ተጠርቶ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣
ኢርያ እርሳሷን ምራቅ አስነክታ መስኮቷን ከፈተች።
የሚቀጥለው ጨዋታ ትኬት።
እየተራገምን፣ እጃችንን እያሟሸን፣
አንድ ባንድ ተሰለፍን።
ከዚህኛው አሰላለፍ እንኳ
የሚያስቀምጠን የለም።