አራት ደቂቃ

ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጅ።
ሰዓቱ ነው አይባልም፤ ሰው ነው የሚመታው እንጅ።
ኤዱቪና እባላለሁ፤ ሚያሎንኮ ነው የአባቴ ስም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከመስኮቱ ኋላ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም።
ደሴታችን ሊንካይ ናት፤ ከቺሎኤ በስተ ምሥራቅ፤
ዝናቡ ሲያባራ ሰው የሚደነግጥባት እንጂ የማይስቅ።

ጀልባ የሚጠጋበት የእንጨት ወደብ አለን፤
አለን እንበል እንጂ፣
ግማሹን የባሕር ትል በልቶት፣ በቀረው ነው የተንጠለጠልን።
አምና አዋላጇ ኦቲሊያ ከነቦርሳዋ ወደቀች፤
ወጣችና ቀሚሷን ጨምቃ ወደ ወላዷ ሄደች።

ይሄን ጊዜ ነው መንግሥት ጨረታ ያወጣ፦
«አዲስ ወደብ ይሠራል፤ የሚችል ይምጣ።
ዋጋው በታሸገ ፖስታ፣ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት፣
በጽሕፈት ቤቱ ሰዓት። ለዘገየ ይቅርታ የለበት።»

የሳንቲያጎው ኩባንያ በዋዜማው አስገባ፤
ፖስታው የሙሽራ ሻንጣ፤ ሁለት ሰው ተሸክሞት ገባ።
ኤርሞሄኔስ ናዌልኪን ግን ጀልባ አናጢ ነው፤
ሂሳቡን በእርሳስ ጽፎ ልጁን ያስገለበጠው፤
ዋጋው በሲሶ ያነሰ።
ከማዶ ደሴት ሲቀዝፍ ነፋስ ፊቱን መታው፤
ደረሰ። ፖስታው በላስቲክ፣ ከሸሚዙ ሥር፣ ከገላው፤
ስቀበለው ይሞቅ ነበር፣ ከምድጃ እንደ ወጣ ዳቦ።
ቀና አልኩ። የግድግዳው ሰዓት፣ ስድስት ከሦስት።
መታሁ።

ክሱ ፖርቶ ሞንት ተሰማ። የኩባንያው ጠበቃ ተነሥቶ፣
«ሕግ ሕግ ነው» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ ሰክቶ፤
«ዛሬ ላንዱ ሦስት ደቂቃ ብንምር፣ ነገ ለሌላው ቀን ልንሰጥ ነው፤
ከዚያ ወዲያማ ቀጠሮ ማለት ትርጉሙ ምንድን ነው?»
እውነቱን ነው። አልጠላሁትም።
የናዌልኪን ጠበቃ፣ ጫማዋ ገና ጭቃ ያዘለ ወጣት፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦
«ያ ሰዓት ልክ ነው?»

ዝም አልኩ።
ሟቹ ዘበኛ ባልዶሜሮ ነው፣ ገና እኔ ሳልቀጠር፣
ተማሪዎችን የጠዋቱ ጀልባ ሲያመልጣቸው አዝኖ ነበር፣
ወንበር ላይ ወጥቶ ቆጣሪውን አራት ደቂቃ የገፋ።
ከዚያ ወዲህ የነካው የለም፤ ሰው በዚያ ነቃ፣ በዚያ አንቀላፋ።
ይቸኩላል እንል ነበር፤
ይዋሻል ብለን አናውቅም።

«ታውቂ ነበር?» አሉኝ ዳኛዋ።
«አዎ፣ አውቅ ነበር።»
«ታዲያ ለምን?»
«ክቡርነትዎ፣ ደንቡ የሚለው የጽሕፈት ቤቱ ሰዓት፤
ደመወዜን የሚከፍለኝ ደንብ ነው።
የእጄማ ለስድስት አንድ ጉዳይ ይል ነበር፤ እጅጌዬ ወርዶበት።»
አንድ ሰው ሳለ። ሌላ ድምፅ አልተሰማም።

በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል፤
ባሕር ግን ይግባኝ ባይ ነው፤ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል።
አሥራ አንድ ወር ስንሟገት ሰባት ሳንቃ ወሰደ፤
አንድ ምሰሶም ከነፋኖሱ አብሮ ሄደ።
ናዌልኪን ለወደቡ ብሎ ያደረቀውን ግንድ
ለጠበቃ ክፍያ ሸጠ፣ አንድ ባንድ።

ፍርዱ ተነበበ፦ ጨረታው ይሰረዝ፤ እንደ አዲስ ይውጣ።
የግድግዳው ሰዓት ይስተካከል።
ደጅ ላይ ኮፍያውን እያዞረ «ረታሁ ወይስ ተረታሁ?» አለኝ፤
መሳቢያዬን በሐሳቤ ፈተሽኩ፤ ለዚህ የሚሆን ማኅተም ጠፋኝ።

ማክሰኞ የፍርድ አስፈጻሚ መጣ፤ መሰላል ላይ ወጣ፤
ቆጣሪውን አራት ደቂቃ መለሰ፤ አስፈርሞኝ ወረደ።
ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰው፣ ከልማድ፣
«ገና አራት ደቂቃ አለን» ብሎ ጀልባው አመለጠው፦
ሁለት ተማሪዎች፣
ኦቲሊያ ከነቦርሳዋ።
ከተሰበረው ወደብ ጫፍ ቆመው የጀልባውን ጭስ ያያሉ።
በመስኮቴ አየኋቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ቀና አልኩ።
ልክ ነበር።