ደረቅ ወደብ

በማዘጋጃው ግቢ፣ ከአሮጌው ባቡር ማዶ፣
ጀልባ ተጋድማለች፣ ጀርባዋ በፀሐይ ነዶ።
ደቻቱ ሰው ወስዶ፣ አገር ካለቀሰ፣
ልቅሶው ከተነሣ፣ ድንኳን ከፈረሰ፣
እሷ መጣች ያን ጊዜ፤ እርዳታው ደረሰ።
ከዚያ ወዲህ ወንዙ፣ ውሃን የረሳ ባዳ፣
ፍየል የሚያቋርጠው የቀፊራ ሜዳ።

ግን በየዓመቱ፣ ሰኔ ሳይጠባ፣
ጋሽ እንግዳሸት አለ፣ ከግቢው የሚገባ፤
ባልዲውን በእጁ፣ ጨርቁን አንጠልጥሎ፣
«ሆዷን እንጠብላት፤ ተነሥ አቦ!» ብሎ።
የባሕር ኃይል ሰው ነው፣ የአሰብ፣ የምጽዋ፣
አገር ባሕሯን ስታጣ የቀረ ባሸዋ።

እኔ የግቢ ዘበኛ፣ ኢልሚ ነው ስሜ፣
ባሕር አይቼ አላውቅ፣ በቀን ወይ በሕልሜ።
«ለየትኛው ውሃ?» እለዋለሁ ስስቅ፤
ክዳኗን ይከፍታል፤ ወዲያው ግን አይጠልቅ።
ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ሰዓቱን አውልቆ፣
ሽታው እስኪወጣ ከሆዷ ተላቆ።
«የቤንዚን ትነት አይታይ፣ ከአየርም ይከብዳል፣
እንደ እባብ ተጠቅልሎ፣ ከታች ይጋደማል።
ጭንቅላትህን ብቻ ዝቅ ብታደርግበት፣
እንቅልፍ ነው የሚመስለው፣ ሰው የሚሞትበት።»

ዘንድሮ ጉልበቱ አልታጠፍ ቢለው፣
«ግባ» ብሎ እኔን አዘዘ፤ ሌላ ማን አለው?
ሲጋራዬን ቀማኝ፣ ስልኬን አስጠፋኝ፣
መነጽርና ጓንት፣ ጭንብልም አጠለቀልኝ፣
በወገቤ ገመድ፣ እንደ በግ አሰረኝ።
«ጫፉ በእጄ ነው፤ ስጠራህ ‹አቤት› በል፤
ዝም ካልክ እጎትታለሁ፣ ጎኔን አመመኝ አትበል።»

ገባሁ።
ጥቁር ውሃ፣ የሞተር ዘይት ያዘለ፣
አንድ እንሽላሊት ሞቶ፣ በጀርባው የዋለ፣
የጫት ገረባ፣ የኔው ነው፣ እዚያ የተጣለ።
በጣሳ እየቀዳሁ ጀሪካኑን ሞላሁ፣
በጨርቅ እየመጠጥኩ ጉልበቴ ላይ ዋልሁ።
«ኢልሚ!»
«አቤት!»
«ኢልሚ!»
«አቤት!»
ገመዱ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ እንደ ሰው አንጀት።

ጀሪካኑን ይዤ ወደ ወንዙ ዞርኩ፣
ልደፋው ባሸዋው፣ ጎንበስ እንዳልኩ፣
«ቁም!» አለ።
እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።
«ወንዙ ባዶ መሰለህ? ውሃው ከሥሩ ነው፤
ድሬ የምትጠጣው፣ አሸዋ ያጠለለው።
ዛሬ የደፋኸውን ልጅህ ነው የሚቀዳው።»
ዘይቱን ከድነን ለጋራዥ ሰጠነው።
ጨርቁን በቆርቆሮ፣ ክዳን ገጥመን ዘጋነው፤
«በድሬ ፀሐይ የዘይት ጨርቅ ራሱን ነው የሚያነደው።»

ማታ ድጋፏን አጥብቀን፣ ከሥሯ ቆመን ስንፍቅ፣
(የባሕር ሣር የላትም፤ አቧራ ነው፣ የርግብ ኩስ ድርቅ)
አንድ ስም ጠራ፣ ሳይጠየቅ።
«ተኪኤ» አለ። «አሰብ ላይ። የአንዲት መርከብ ሆድ።
ባልዲ ይዞ ወረደ፤ ላንድ አፍታ፣ ያለ ገመድ።
እኔ ከላይ ነበርኩ፣ ዜማ እያፏጨሁ፤
ፉጨቴን ስጨርስ ነው ስሙን የጠራሁ።»
ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ብሩሹ ብቻ ቀጠለ።
እኔም «ለየትኛው ውሃ?» ማለቴን ተውኩ።

በነጋታው አንዲት ጥግ ለትከሻዬ ጠበበች፤
ጉልበቱን እየረገመ ገባ፤ ገመዷ እጄ ደረሰች።
ጠራሁት። «አቤት!» አለ።
ጠራሁት። «አቤት!» አለ።
ሦስቴ፣ አሥሬ፣ ሃያ ጊዜ፣ ምላሱ እስኪዝል፣
«ሰማሁ አቦ! ላጥብበት!» እስኪል።
እኔ ግን ጠራሁ፤ ጠራሁ፤ ገመዱን ጨብጬ፣
ከደረቁ ወደብ፣ ካሸዋው ዳር ተቀምጬ።