የአጥሩ ቅጠል

ኮቺ ላይ፣ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሁለት ወንበር ያላት፣ ጣራዋ ውኃ የሚያስገባ
ፀጉር ቤት አለችኝ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤
የሬማኒን ፀጉር በእጄ ነው ያነደድኩት።

ልሸሽግ አልፈልግም። ለእህቷ ሠርግ ብላ
መጣች ፀጉሯን ይዛ፣ ጥቅልሉን አንዠርግጋ ጥላ፤
«እንደ ዝናብ ይውረድ፣ ቀጥ አርጊው» አለችኝ፤
መድኃኒቱን ቀባሁ፤ ፔስትራው ጋለልኝ፤
ሽታው ሲለወጥ ግን፣ አፍንጫዬ ሲያውቀው፣
እጄ አልቆም አለ። ወረፋው ብዙ ነው።

ሠርጉ አማረላት። ፎቶውም አማረ።
በሦስተኛው ሳምንት ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯ ተሰበረ።

ጀልባ ላይ ነው ሥራዋ፤ ቲኬት ትቆርጣለች፤
ከደሴት ወደብ፣ ከወደብ ደሴት ስትል ትውላለች።
የባሕሩ ጨው አለ፣ ንፋሱ፣ የናፍጣው ጭስ፤
ሻሽ አስራ መጣች፣ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፤
ሻሹን ፈታችና ጭራሮ አሳየችኝ፤
«ሜርሲ ቼቺ፣ ምን ልቀባው?» ብቻ ነው ያለችኝ።
ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

መደርደሪያዬን አየሁ፤
ጠርሙስ በጠርሙስ ነው፤ አንድ ባንድ አነሣሁ።
ፊቱ ላይ ቅጠል አለ፣ አረንጓዴ ጽሕፈት፣
«ተፈጥሯዊ» ይላል በሙሉ ድፍረት፤
ጀርባውን ሳዞረው የጉንዳን ሰልፍ ነው፣
በመነጽር እንኳ ግማሹ ስሙ ማን ነው?
ቅጠሏስ የታለች? ከአሥራ ዘጠኝ ስሞች
አሥራ ስምንተኛ፣ ከሽቶውም በታች፣
እንደ ድኻ ዘመድ በር ላይ ቆማለች።

የኮኮናት ዘይት? እሱማ ቤቷ ሞልቷል፤
ለደኅና ፀጉር ነው፤ የሷ ላይ ይከብዳል፤
ላዩ ላይ ተኝቶ ያብረቀርቃል እንጂ ስንጥቁን መች ያውቃል።
«ሎሚና እንቁላል» አለች ወረፋ ጠባቂዋ፤
በቁስል ላይ ሎሚ! ዝም ብትል ምናለ ይቺ መካሪዋ።
ምሷ ለስላሳ ነው፤ የማይቆጠቁጥ፣ የማይነዝር፣
አንኳኩቶ የሚገባ፣ ገብቶም ቤት የማያምስ ነገር።

ከሱቄ ትይዩ የፖስታ ቤት ጡረተኛው
ኩንጃፓን አለ፣ አጥሩ ሂቢስከስ የሆነው፤
አበባው ታይታ ወዳድ፣ ቅጠሉ ግን አዋቂ፤
እሱ ራሰ በራ፣ ያጥሩ ብርቱ ጠባቂ።
ስንቀጥፍ አየና በመስኮት ብቅ አለ፤
«ለማን ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ሬማኒን ሲያያት ግን ዝም አለ።
መቀስ ወረወረልን፤
«ከጥላው በኩል ነው፣ ፀሐይ ያልነካውን።»

ሁለት እፍኝ ቅጠል፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳፋ፤
አሸሁት፣ አሸሁት፣ አረፋው እስኪነፋ፣
እንደ ተልባ ውኃ እስኪዝለገለግ ድረስ፤
በጨርቅ አጠለልኩት፣ ግርዱ እንዳይለብስ።
መጀመሪያ ክንዷ ላይ ጥቂት ቀባሁላት፤
ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤
ያን ጊዜ ይችን እንኳ ትዕግሥት ነፍጌያት!
አላሳከካትም። አልቀላም ቆዳዋ።
ከጫፉ ጀመርኩኝ፣ ከተሰነጠቀው፣ ከቆሰለው ዳርቻዋ፤
ጣቴ እየዋኘ ቋጠሮ ሲፈታ፣
ውጭ ዝናቡ አለ፣ የጀልባው ጡሩምባ፣ ደግሞም ዝምታ።

እውነቱን ነገርኳት፦ «የሞተው አይነሣም፤
ይኼ ቅጠል ያለሰልሳል እንጂ የነደደ አይጠግንም።
ማበጠሪያው ሲያልፍ እንዳይጮህ ነው ሥራው፣
አዲሱ እስኪደርስ ማስታመም ነው ነገሩ፤ ሌላው ወሬ ነው።»
«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»
«ሁለት ክረምት» አልኳት።
ሳቀች። «ጀልባችንም እንዲሁ ነው» አለች።
ሻሿን ወንበሬ ላይ ረስታው ሄደች።

ወዲያው አንዲት ሙሽራ ከዝናብ ስትገባ፣
ጥቅልሏን ጨምቃ፣ ጫማዋን ደጅ አራግባ፣
«ቀጥ አርጊልኝ» አለች። የኪራዩ ቀን ደርሷል።
ፔስትራው መስታወቱ ሥር ቀዝቅዞ ተኝቷል።
እጄ ገና ያሟልጫል፤
የቅጠሉ ውኃ ከጣቴ አልለቀቀም ነበር።
«ቁጭ በይ» አልኳት፤ «መጀመሪያ እንነጋገር።»