ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ ሙጋድ

ስልኬ የሚጮኸው አገር ሲተኛ ነው።
«የድመቶቹ ሰው?» ይላል የደወለው።
ስሜን አይጠይቀኝ፣ ስሙን አይነግረኝ፣
«ቶሎ በሉ!» ይላል፣ «ኮርኒሴ ገባብኝ!»

አንዱ ከመናኸሪያ፣ የአይሱዙ ሹፌር፣
ጭነቱን አስሮ ለባቲ ሊወጣ ሲል፣ ከሞተሩ ሥር
አንዲት ግራጫ ድመት ተኝታ ቢያገኛት
ቁልፉን ነቅሎ እኛን ጠራላት።
አንዷ ከሸዋ በር፦ «አራት ወልዳብኛለች፣
ወንዱ ይቅርልኝ፣ ሴቶቹን ውሰዱ» አለች።
«አይጥ አዳኝኮ ሴቷ ናት» ብላት
ሳቀች፤ ካርቶኑን ግን አልመለሰችውም ከቤት።

እኛ ማለት ሦስት ነን። ጦይባ፣ የከብት ሐኪም ረዳት፤
አራጋው፣ በባጃጁ ቀን ሠርቶ የሚያመሽባት፤
እኔ፣ ሚስማር መዝኜ ሸጬ የማድር።
ደመወዝ የለም። የቤንዚኑም በብድር።
አንድ ጥንድ ጓንት አለን፤ ግራው ተቀዷል፤
ማን እጁን እንደሚከት በዕጣ ይወሰናል።
ወጥመዳችን የዶሮ ቅርጫት፣ በሽቦ የታሰረ፣
ማባበያው ሰርዲን፣ ዋጋው የናረ።
የተቧጨረ ክንዴን ያየ «ሚስትህ ናት?» ይለኛል፤
«አዎ፣ አራት እግር አላት» ስለው ያዝንልኛል።

ባለፈው ኅዳር፣ ጦሳ ብርዱን ሲለቀው፣
ስምንት ሰዓት ሌሊት አንድ ድምፅ፣ ፍርሃት ያንቀጠቀጠው፦
«ሙጋድ፣ ከቱቦው ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፤
ፖሊስም ጠርተናል፤ ሰው ተሰብስቧል፤
አንዲት ሴት ግን ‹ድመት ቢሆንስ?› ብትለን
ለማንኛውም ብለን ነው፣ እናንተንም መጥራታችን።»

ስንደርስ ሰፈሩ ወጥቷል፤ ጋቢ በጋቢ ሆኗል፣
ከየሰዉ እጅ የስልክ መብራት ይዋኛል።
ጎልማሳው በፒጃማ፣ ዘበኛው በካፖርት፣
አንዱ «ያ ረቢ!» ሲል፣ አንዷ «እመብርሃን፣ አውጪያት!»
ሦስት ሰው ብርድ ልብስ ዘርግቶ ቆሟል፣
አንድ ሽማግሌ ወተት አሙቆ መጥቷል።
ልጁ ገና ሳይወጣ ስም ወጣለት፤ ማን ይውሰደው ተባለ፤
«እኔ!» ያለ አለ፣ «አንተ ቤት ማን አለ?» ያለም አለ።

ድምፁ ይመጣል። ይቆማል። ይመጣል።
እውነቴን ነው፣ እኔንም አስደንግጦኛል፤
አራት ዓመት የድመት ጩኸት የሰማሁት ሰውዬ
ያን ሌሊት ጆሮዬን ከዳሁት፣ ልጅ ነው ብዬ።

ጓንቱ ለአራጋው ወጣ። በደረቱ ተኝቶ
ክንዱን እስከ ብብቱ ቱቦው ውስጥ አስገብቶ
ሲዳብስ፣ ሲዳብስ፣ መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ።
«ጅራት አለው» አለ።
                    ሳቅ ፈነዳ፤ ድንጋጤው ቀለጠ።

«አልሐምዱሊላህ!» «ተመስገን!» እውነት ነው፣ ተመስገን ነው፤
እኔም ብያለሁ። ሕፃን አለመሆኑ ደግ ነው።
ግን ብርድ ልብሱ ታጠፈ፤ ወተቱም ገባ ቤት፤
መብራቱ አንድ በአንድ ጠፋ፣ በር ተቀረቀረበት።
«እኔማ ሰው መስሎኝ» አለ አንዱ እያዛጋ።
ፖሊሱም መዝገቡን ዘጋ።

ድምፁ ግን አላቆመም። ያው ጉሮሮ፣ ያው ብርድ።
አራጋው ባሳደደው ቁጥር ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ጉድ!
የጦይባ ስልክ ሞተ። ጨለማ ዋጠን።
ከኋላ አንድ ባትሪ መጥቶ በራልን።

ያቺው «ድመት ቢሆንስ?» ያለችው ሴት ናት፣
ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች፣ በዚያ ብርድ ሲሊፐር እግሯ ላይ ያላት።
አንድ ሰዓት ሙሉ ያዘችልን። እጇ አልተነቃነቀም።
«ይደክምሻል» አልኳት። «ግድ የለም።»

ሰርዲኑን ጣልን፤ ጠበቅን፤ ጭራውን አይተን ዘለልን፤
ሁለቴ አመለጠ፤ በሦስተኛው ተያዘ፣ ሁላችንንም ነከሰን።
መዳፍ አይሞላም። ዓይኑን ዓይናር ጋርዶታል።
ያ ሁሉ ጩኸት ከዚህ ከየቱ ወጥቷል?

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ጣቷን ግንባሩ ላይ አኖረች፣
«አፉን ሲከፍትኮ... ልጅ ነው የሚመስል» አለች።
ሌላ ቃል የለም። እኛም አልጠየቅናት።
አራጋው ባጃጁን አስነስቶ «ላድርስሽ?» ቢላት
«እዚሁ ነኝ» አለች። በየት በኩል እንደገባች አላየናት።

ድመቱ ዛሬ ከዚያ ከአይሱዙው ሹፌር ጋር ነው፤
ባቲ ደርሶ ይመለሳል፤ ጋቢናው ነው መኝታው።
ባትሪው ግን እኔ ጋ ቀረ። ቀይ፣ የላስቲክ፣ የቻይና።
ላስረክባት ብዬ ሙጋድን ዞርኩ፣ ደግሞም እንደገና፤
የሚያውቃት ጠፋ። ድንጋዩን ሁለቴ ቀየርኩለት።
ትናንት ከሆጤ ሲደወል ይዤው ወጣሁ፣ በሌሊት።