ገል

ቅፍርናሆም፣ ቀትር። ጥቁሩ ድንጋይ ግሏል፤
ሐይቁ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል።
ዚላ፣ አስተማሪዬ፣ በብሩሽ ትጠርጋለች፤
«ተመልከቺ» ትላለች፦
«ከታች፣ ከወለሉ፣ የድስት ገል ሞልቷል፤
ከላይ፣ ከልስኑ፣ ኩራዝ ብቻ ቀርቷል።
እዚህ ላይ ነው ቤቱ ቤትነቱን የተወው፤
ጸሎት ገባበትና ድስቱን አስወጣው።»

እኔ የማስበው የዓሣ አጥማጁን አማት፤
ንዳድ ጥሏት ነበር፤ እጁን ዘርግቶ አነሣት፤
ተነሥታም ምግብ አቀረበች። እዚህ ያልቃል ታሪኳ።
ስም የለም። አንድ መስመር ነው ሙሉ ልኳ።

ምእመኑ ሲበዛ፣ መዝሙሩ ሲሞላ፣
ቤቷን የለቀቀች ዕለት፣ ወዴት ሄደች ኋላ?
የት ጥግ ጎለተች ሦስቱን ጉልቻ?
ለዚያ ሁሉ እንግዳ፣ በሁለት እጅ ብቻ?

መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ «ገል። ቁጥር አርባ ሁለት።
ውፍረት ስምንት ሚሊ ሜትር። ከሥሩ ጥላሸት።
ባለቤት፦»
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
ዚላ በትከሻዬ በኩል አየችና
«ዝለዪው» አለችኝ፤ ውሃ ልትጠጣ ሄደች።
አልዘለልኩትም። አልሞላሁትምም።
ጣቴን አየሁ፤
ጠቁሯል።
ሳልታጠብ፣ እዚያው ግንቡ ሥር፣ ምሳዬን በላሁ።