ጉዳዩ፦ በሕይወት ስለመኖር

ከወረዳው አጥር፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
የሰው ችግር ስጽፍ፣ በገጽ ስደራደር፣
ረጅም ቁመቱን አጥፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
ጋሽ ቦሁ መጣልኝ ፌስታሉን አንቆ።

አቃቂ ያውቀዋል፤ ማሽን ሊተክል መጥቶ፣
የሁለት ዓመት ውሉ አርባ ዓመቱን ሞልቶ፣
ማሽኑም ዛገና፣ ውሉም ተቀደደ፤
እሱ ግን ከሰፈሩ ጭቃ ጋር ተዋሐደ።

«ዘንድሮም ጻፉልኝ» አለና ዘረጋ፣
ያገሩን ደብዳቤ ከጠረጴዛዬ ጋ።
«አለህ ወይ? ይሉኛል፤ አለሁ ብል አይሰሙ፤
ትንፋሽህ መች በቃ፣ የታለ ማኅተሙ?
ወሩ ሳያልቅ በፊት ካልደረሰ ወረቀት፣
እንደ ሞተ ቆጥረው ይዘጉብኛል ቋት።»

ብዕሬን አራግፌ እንደ ወጉ ጻፍኩ፦

ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
አቃቂ
ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው
እኔ አመልካች እስከ ዛሬ ድረስ አልሞትኩም።
ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ
ራሴን ከማመልከቻው ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ።

መስኮት አራት ገባን። ትርንጎ ነበረች፤
ያንን ማመልከቻ ሁለቴ አነበበች።
«ልደት አለን» አለች፤ «ጋብቻም፣ ፍቺም፣
ያላገባም አለ፤ ሞትም አይጠፋም።
መኖር ግን...» አለችና ኮምፒውተሩን አየች፤
«መኖር የሚል የለም።» ራሷን ነቀነቀች።

«የመኖሪያ ፈቃድዎ?» — «ታድሶ አልመጣም፤
ደረሰኙ ይኸው።» — «ደረሰኝ አይሆንም።»
«የቤቱስ ካርታ?» — «የባለቤቴ ነው፤
ለውጭ ዜጋ መሬት ማን ሊጽፍለት ነው?
ወርቅያንጥፉ ከሞተች ስድስት ዓመት አለፈ፤
የኔ ስም እዚያ ላይ አንዴም አልተጻፈ።»

ትርንጎ ፈልጋ አገኘቻት ሚስቱን፤
«ወይዘሮዋማ አሉ፣ ከፍለዋል ግብሩን።»

ጋሽ ቦሁ ዝም አለ፤ ኮፍያውን አዞረ።
ከፋዩ እሱ፣ ኗሪዋ እሷ፤ ማንም አልነገረ።

(የእንጀራ ልጁ ደግሞ በየእሁዱ መጥቶ፣
አጥሩን በርምጃ ይለካል ሻዩን ጠጥቶ።
ክፉም ልጅ አይደለም፤
ይለካል እንጂ ምንም አይልም።)

ከበሩ ስንወጣ አቶ ድንበሩን አገኘን፣
የእድራችን ዳኛ። ሰማና «ቆይ» አለን።
ከጃኬቱ ኪስ ደብተሩን አወጣ፤
ሲገልጥ፣ ሲገልጥ፣ መቶ ሰባት መጣ፦

ቦሁሚል፣ የወርቅያንጥፉ ባል።
ሰኔ ከፍሏል።
ሐምሌ ዘግይቷል፤ አምስት ብር ተቀጥቷል።
ነሐሴ ከፍሏል።
ድንኳን በመትከል ተራ ቀርቶ አያውቅም፤
በጉልበቱ ሕመም ሣጥን አይሸከምም።

«ሰው ካልሞተ በቀር ከዚህ አይሰረዝም፤
የሞተ ሰው ደግሞ ቅጣት አይከፍልም»
አለና በእጁ ጻፈ። ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበት፣
ድንኳንና ትልቅ ድስት የተሳለበት።

ጋሽ ቦሁ አጥፎት፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦
«ስሞትስ?»
ድንበሩ ከት ብሎ ሳቀ፦
«ያኔማ ምን ችግር! ቅጹ ተዘጋጅቷል፤
መስኮት አራት ሂድ በል። ሞት ቶሎ ይወጣል።»

እነዚያ፣ ማዶ ያሉት፣ የእድር ደብዳቤ
ይቀበሉ አይቀበሉ
እኔም አላውቅ፤ እሱም አያውቅ፤
ፖስታ ቤቱ ብቻ ሚዛን ላይ አስቀምጦ
ክብደቱን ነግሮናል።

የድካሜን ሰጠኝ። እምቢ ብል አልሰማም፤
«ደረሰኝ ጻፍልኝ፤ ያለሱ አይሆንም።»

ካርኒ የለኝ እኔ። ከደብተሬ ቀደድኩ፦
ከአቶ ቦሁሚል፣ ዛሬ በአካል ከቀረቡት፣
ሃምሳ ብር ተቀብያለሁ።

ቀኑን በእኛ ጻፍኩ።
መነጽሩን አድርጎ ረጅም ሰዓት አየውና
ብዕሬን ተቀብሎኝ
ከጎኑ የእነሱን ጨመረ።